ክርኑ ሳይታጠፍ፦ በጎልፍ ምት መሪውን ክንድ ዘርግቶ ለማቆየት

ጎልፍ የሚማር ሰው ዱላ በጨበጠ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚሰማቸው ትእዛዞች አንዱ «ግራ እጅህን ዘርጋ!» የሚለው ነው። እኔም ዋሽንግተን አካባቢ ባለ የሕዝብ መለማመጃ ሜዳ፣ በአርባ ዓመቴ ከሥራ መልስ ይህን ጨዋታ ስጀምር ያው ተነገረኝ። ትእዛዙን እንደ ወታደር ተቀበልኩት። ክርኔን ቆልፌ፣ ጥርሴን ነክሼ ሁለት ወር ሙሉ መታሁ። ኳሱ የሚሄድበት ርቀት ከቀድሞው አጠረ፤ የግራ ክርኔ ውጫዊ ጎን ሲኒ ሳነሳ እንኳ ያመኝ ጀመር። በመጨረሻ ራሴን በቪዲዮ ቀርጬ ስመለከት ዱላው ከራሴ በላይ ሲደርስ ክርኔ እንደ ድሮው ታጥፎ አገኘሁት።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የተረዳሁት ይህን ነው፦ ክርን የሚታጠፈው ሌላ የሰውነት ክፍል ሥራውን ሳይሠራ ሲቀር ነው። ደረት ሳይዞር ሲቀር፣ የእጅ አንጓ ሳይታጠፍ ሲቀር፣ ጣቶች ከልክ በላይ ሲጨብጡ፣ ዱላው ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ሲሄድ። እነዚህ ሲስተካከሉ ክርኑ ማንም ሳያዘው ተዘርግቶ ይቆያል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ስለ ክርኑ ስለራሱ የሚያወሩት በጥቂቱ ነው።

መሪ ክንድ የምለው ወደ ዒላማው በኩል ያለውን ነው። በቀኝ ለሚመታ ሰው ግራው ክንድ መሆኑ ነው። በግራ የምትመቱ ሁሉንም ገልብጣችሁ አንብቡ።

ክንዱ ለምን መዘርጋት አለበት?

መስክ ላይ በችካል ታስራ የምትግጥ በቅሎ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ገመዱ እስከተወጠረ ድረስ የጋጠችው ሣር ዳርቻ በኮምፓስ የተሠመረ ክብ ይመስላል። ወደ ችካሉ ጠጋ ስትል ገመዱ ይረግባል፣ ክቡም ይበላሻል። በጎልፍ ምት ችካሉ ግራ ትከሻችሁ ነው፤ ገመዱ ግራ ክንዳችሁና የዱላው ዘንግ፤ በቅሎዋ ደግሞ የዱላው ራስ ናት። ገመድ ይወጠራል እንጂ እንደ ብረት አይደርቅም። ክንዳችሁም እንዲሁ ይሁን።

ነገሩ ምን ያህል ጥቃቅን ልክ እንደሚጠይቅ በቁጥር እናስላው። ከትከሻ እስከ አንጓ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ክርኑ እኩሌታው ላይ ያለ ክንድ እንውሰድ። ይህ ክንድ 30 ዲግሪ ቢታጠፍ በትከሻውና በአንጓው መካከል ያለው ርቀት ወደ 58 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን በደንቡ መሠረት የጎልፍ ኳስ ዝቅተኛ ስፋት 42.67 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግማሹ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ማለት ነው። እንግዲህ ሣሩን ታክኮ ኳሱን ከሥር ማግኘት የነበረበት የዱላ ጠርዝ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል የኳሱን ወገብ ይመታል። ኳሱ መሬት ለመሬት እየተንከባለለ ሲሄድ፣ እጃችሁም እስከ ትከሻ ድረስ ሲነዝራችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው በከንቱ ተስፋ ሲቆርጥ አይቻለሁና። ካልቪን ፒት የተባለው አሜሪካዊ ተጫዋች በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ግራ ክርኑ ተሰብሮ ስለነበር ክንዱን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አይችልም ነበር። ሆኖም ፒጂኤ ቱር በተባለው የአሜሪካ ባለሙያ ጎልፈኞች ውድድር 12 ጊዜ አሸንፏል፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት በተከታታይ ኳስን በቀጥታ መስመር ላይ በማሳረፍ ቀዳሚው እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1954ቱን የአሜሪካ ኦፕን ያሸነፈው ኤድ ፈርጎልም በልጅነት አደጋ ምክንያት ግራ ክንዱ ታጥፎ የቀረ ሰው ነበር። የብሪታኒያን ኦፕን ስድስት ጊዜ ያሸነፈው ሀሪ ቫርደን ደግሞ ዱላውን ሲያነሳ ግራ ክርኑን ያጥፍ እንደነበር ይታወቃል። የፒትና የፈርጎል ክንድ ታጥፎ ቢኖርም የሚታጠፈው ሁልጊዜ በአንድ ልክ ነበር፤ ገመዱ አጭር ቢሆንም አይረግብም። ዋናው ቁም ነገር ኳሱ ፊት የቆማችሁበት ርዝመት ኳሱን ስትመቱ ተመልሶ መገኘቱ ነው። ጤነኛ ክንድ ላለው ሰው ይህን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ክንዱን ዘርግቶ ማቆየት ነው።

ደረጃ 1፦ ክርኑ የሚታጠፈው መቼ እንደሆነ እወቁ

ስልካችሁን በደረት ቁመት፣ ከፊት ለፊታችሁ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ እንዲቆም አድርጉና በዝግታ መቅረጫው አምስት ምት ቅረጹ። ከዚያ እያቆማችሁ ተመልከቱ።

ገና ኳሱ ፊት ስትቆሙ ታጥፎ ከሆነ ለኳሱ በጣም ቀርባችኋል፣ ወይም ዱላው ለቁመታችሁ ረዝሟል። የሰው ዱላ ተውሰው የሚጀምሩ ሁሉ ይህን ይፈትሹ። ዱላው ከወገብ ሳያልፍ የሚታጠፍ ከሆነ በክንድ ብቻ እያነሳችሁ ነው፤ አንጓችሁም ሥራውን እየሠራ አይደለም። ጫፍ ላይ፣ ማለትም ዱላው ወደ ኋላ ተነስቶ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚታጠፍ ከሆነ፣ የአብዛኛው ሰው ችግር ይህ ነው፣ ደረታችሁ መዞሩን ካቆመ በኋላ እጃችሁ ጉዞውን ቀጥሏል። ኳሱን ሲመታና ከመታ በኋላ ክርኑ ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ «የዶሮ ክንፍ» የሚባለው ነው፤ መፍትሔው ደረጃ 7 ላይ አለ።

ያያችሁትን በወረቀት ጻፉት። ሁሉንም ደረጃ በአንድ ቀን ለመሥራት አትሞክሩ፤ በሽታው ካለበት ጀምሩ።

ደረጃ 2፦ ሰውነታችሁ ምን ያህል እንደሚዞር ለኩ

ወንበር ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። ጉልበትና ጉልበታችሁን አጋጥሙ፤ ዱላውን በደረታችሁ ላይ አግድማችሁ በሁለት እጅ እቀፉት። ጉልበታችሁ ሳይንቀሳቀስ ወደ ቀኝ ዙሩ። ዱላው 45 ዲግሪ ያህል ከዞረ በቂ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ክርናችሁ የሚታጠፈው በስንፍና አይደለም፤ ወገብና ደረት እምቢ ያሉትን ክርኑ እየከፈለ ነው።

ቀጥሎ ቆማችሁ ግራ ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉና ሳታጥፉ በደረታችሁ ፊት አሻግራችሁ ወደ ቀኝ ውሰዱት። በራሱ መታጠፍ የሚጀምርበት ቦታ የትከሻችሁ ወሰን ነው። ያን ወሰን ለማስፋት ጠዋትና ማታ በቀኝ እጅ የግራውን ላይኛ ክንድ ወደ ደረት ስቦ ሠላሳ ሰከንድ መያዝ በጊዜ ብዛት ይረዳል።

ቀኑን ሙሉ መኪና ነድተው ወይም ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ለሚውሉ ወገኖቼ አንድ መላ አለ፦ ዱላውን ስታነሱ የግራ ተረከዛችሁ ከመሬት ትንሽ እንዲነሳ ፍቀዱለት። ዳሌ በነፃ ይዞራል፤ ደረትም ይከተላል። 18 ታላላቅ ዋንጫዎችን የወሰደው ጃክ ኒክላውስ ተረከዙን እያነሳ ነበር የሚመታው፤ ስለዚህ ማንም እንደ ጥፋት እንዳይቆጥርባችሁ።

ደረጃ 3፦ አቋቋምና አጨባበጥ

ዱላ ሳትይዙ ከዳሌ ጎንበስ በሉና ክንዶቻችሁን ልቀቋቸው። እንደተንጠለጠለ ልብስ ቁልቁል ይውረዱ። ዱላውን እዚያው በተንጠለጠሉበት ጨብጡ። በዱላው መያዣ ጫፍና በጭናችሁ መካከል አንድ እጅ የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ርቀታችሁ ልክ ነው።

አጨባበጡ ላይ ግን ቆም እንበል፤ የክርን ድርቀት የሚጀምረው ከጣት ነው። ጣቶቻችሁን አጥብቃችሁ ስትጨብጡ የክንዳችሁ ጡንቻ እስከ ክርን ድረስ ይወጠራል። አሁኑኑ ቀኝ እጃችሁን በግራ ክንዳችሁ ላይ አድርጋችሁ ግራውን ጨብጡ፣ ልቀቁ፤ ይሰማችኋል። ጀበና ስትይዙ አስቡት። አንገቷን የሚይዘው እጅ እንዳትወድቅ ያህል ይጠብቃል፤ አንጓው ግን ልል ነው፤ ባይላላ ቡናው ከሲኒው አልፎ ረከቦቱ ላይ ይፈስ ነበር። ዱላውንም እንዲሁ፣ በግራ እጅ የመጨረሻ ሦስት ጣቶች ጠበቅ፣ በአውራና በጠቋሚ ጣት ላላ አድርጋችሁ ያዙት። ከአንድ እስከ አሥር ቢለካ አራት ላይ ይሁን።

ክርኑን አትቆልፉት። የተዘረጋ ክንድና የተቆለፈ ክንድ ይለያያሉ፤ የተዘረጋው ትንሽ ልስላሴ አለው፤ የተቆለፈው መገጣጠሚያውን እስከ ዳር ገፍቶ ያደርቀዋል። የእኔን ክርን ያሳመመኝ ሁለተኛው ነበር። ሕመም ተሰምቷችሁ በሁለት ሳምንት ዕረፍት ካልተወ ሐኪም ይየው።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ግማሽ ሜትር፣ ከዚያም አንጓ

ልጅ ሆነን በገና ስንጫወት ሩሯን የምንመታው እየሮጥን፣ ግርግሩ መሐል፣ ክርናችንን አጥፈን ነበር። ቦታም ጊዜም አልነበረንም። ያ ልማድ እጃችን ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ እንጃ፣ ብዙዎቻችን የጎልፍን ዱላም ከመሬት ነጥቀን እናነሳዋለን። ጎልፍ ላይ ኳሱ ቆሞ ይጠብቀናል፤ የሚነጥቀን የለም።

ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ከዱላው ራስ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ መሬት ላይ አስተኙ። ምቱን ስትጀምሩ የዱላው ራስ መሬት ለመሬት ሄዶ ፕላስቲኩን ወደ ኋላ ይግፋው። በክንድ ብቻ የሚነጥቅ ሰው ከላዩ ያልፈዋል። ደረት፣ ክንድና ዱላ አብረው ሲንቀሳቀሱ ግን ፕላስቲኩ ቀስ ብሎ ይንከባለላል። ሃያ ጊዜ አድርጉት፤ ኳስ አያስፈልግም።

ከዚያ አንጓ ይመጣል። ዱላው እንደምንም ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ አንጓ ካላወጣው ክርን ያወጣዋል። ግራ ክንዳችሁ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን ዘንጉ ወደ ሰማይ ቆሞ ከክንዱ ጋር እንደ አናጢ ስኳድራ ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥራ። መስታወት ፊት እዚህ ላይ አቁሙና ተመልከቱ። አውራ ጣታችሁ ወደ ላይ ያመለክታል፤ ክርኑም ተዘርግቷል። አንጓቸው የማይታጠፍ ሰዎች ይህን ብቻ አስተካክለው ችግሩ ሲለቃቸው አይቻለሁ።

ደረጃ 5፦ ደረት ይዙር፣ ደረት ሲቆም እጅም ይቁም

የሁሉ ቁልፍ ይህ ነው።

ክንዳችሁ ወደ ቀኝ ሊሄድ የሚችለው በሁለት መንገድ ነው፦ ደረታችሁ ይዞት ሲዞር፣ ወይም ደረት ቆሞ ክንዱ ብቻውን በደረት ላይ ሲሻገር። የመጀመሪያው ክንዱን ዘርግቶ ይወስደዋል። ሁለተኛው ደረጃ 2 ላይ የለካችሁት ወሰን ላይ ሲደርስ ክርኑን ያጥፈዋል፤ ሌላ ምርጫ የለውም። ሙሉ ምት ላይ ትከሻ 90 ዲግሪ፣ ዳሌ ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል ይዞራል ይባላል። እናንተ ዲግሪ አትቁጠሩ። ግራ ትከሻችሁ ከአገጫችሁ ሥር ከገባ፣ ጀርባችሁም ወደ ዒላማው ከዞረ ደርሳችኋል።

እጃችሁ በደረታችሁ ፊት መሆኑን የሚያስጠብቅ ቀላል ልምምድ ፎጣ ነው። ቀጭን ፎጣ በደረታችሁ ላይ አግድማችሁ ሁለቱን ጫፎች በሁለቱ ብብቶቻችሁ ያዙና በግማሽ ምት ኳስ ምቱ። ክንድ ከደረት ተለይቶ ብቻውን ሲሄድ ፎጣው ይወድቃል። ነጠላም ይሠራል።

ታዲያ የት ላይ እናቁም? ፊት ለፊታችሁ የቆመ ሰው እናንተን እንደ ግድግዳ ሰዓት ያያችኋል ብላችሁ አስቡ፤ ራሳችሁ ቁጥር 12 ላይ፣ ኳሱ ቁጥር 6 ላይ፣ ግራ ክንዳችሁ የሰዓቱ እጅ። የእኛና የፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ስለሚለያይ ሰዓቱን ሳይሆን ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ተመልከቱ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጎልፍ መመሪያ የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ በቀላሉ ይሳሳታል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክንዳችሁ ቁጥር 9 ላይ ሲደርስ አቁሙ። ከዚያ 10። አብዛኛው ሰው 10 ላይ ቆሞ የሚመታው ኳስ 12 አልፎ ከሚመታው በርቀት ብዙም አያንስም፤ በቀጥታነቱ ግን እጅግ ይበልጣል።

ችግሩ ስሜታችሁ ይዋሻል። 9 ላይ ያቆማችሁ ሲመስላችሁ ቪዲዮው 11 ላይ ያሳያችኋል። እኔ 9 ላይ ለማቆም «7 ላይ አቆማለሁ» ብዬ ማሰብ ነበረብኝ፤ ምቱ የተጀመረም አይመስለኝም ነበር። ያ እንግዳ ስሜት ትክክለኛው ነው፤ ቪዲዮውን እመኑት።

ደረጃ 6፦ ቀኝ እጅ ግራውን ይግፋ

ጫፍ ላይ የቀኝ ክርናችሁ ቀጥ ያለ ማዕዘን ያህል ይታጠፋል። ከዚያ አልፎ መዳፋችሁ ወደ ቀኝ ትከሻችሁ ከተጠጋ ግራውን ይጎትተዋል፤ ግራውም ይታጠፋል። መድኃኒቱ የቀኝ መዳፍ ሥር ነው። የግራ አውራ ጣታችሁ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ዱላውን ስታነሱ ቀኙ ያን አውራ ጣት ከደረታችሁ እያራቀ በቀስታ ይግፋው። ግፊቱ ግራ ክንዱን ይወጥረዋል፤ በቅሎዋ ገመዱን እንደምትወጥረው። ጉልበት አይጠይቅም።

ደረጃ 7፦ ሲወርድና ኳሱን ካለፈ በኋላ

ጫፍ ላይ ክርኑ ጥቂት ቢለሰልስ አትደንግጡ። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ የሚያጮህ ልጅ ክንዱን አያደርቅም፤ ጅራፉ እየከበደ ሲመጣ ራሱ ይዘረጋዋል። የዱላው ራስም ወደ ታች ሲፈጥን ወደ ውጭ ስለሚስብ የለሰለሰውን ክንድ ይዘረጋል። ይህ የሚሆነው ምቱን ከእግር ስትጀምሩት ነው፦ መጀመሪያ ክብደታችሁ ወደ ግራ እግር፣ ከዚያ ዳሌ፣ ከዚያ ደረት፣ በመጨረሻ ክንድ። በእጅ ቶሎ የሚጎትት ሰው ገመዱን ያረግበዋል።

የዶሮ ክንፍ የሚመጣው ኳሱን በራሳችን ጉልበት ወደ ሰማይ ለማንሳት ስንሞክር ነው። እጅ ወደ ላይ ይስባል፣ ደረት ይቆማል፣ ግራ ክርን ወደ ውጭ ይወጣል። የ7 ቁጥር ብረት ዱላ ፊቱ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ የተጋደመ ነው፤ ኳሱን የሚያነሳው ያ ነው። እናንተ ወደ ታችና ወደ ፊት ምቱ። ኳሱን ካለፋችሁ በኋላ ሁለቱም ክንዶች ለአንድ አፍታ ተዘርግተው ይታዩ፤ ደረታችሁ ወደ ዒላማው መዞሩን ይቀጥል። ከዚያ ግራ ክርን ይታጠፋል፤ መታጠፍም አለበት። ሲታጠፍ ግን ወደ መሬት እያመለከተ ይሁን። እስከ መጨረሻ ዘርግተው ለማቆየት የሚታገሉ ሰዎች ትከሻቸውን ይጎዳሉ።

ልምምዱ በሳምንት ውስጥ

ቤት ውስጥ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይበቃል። መስታወት ፊት ያለ ኳስ ደረጃ 4ንና 5ን ሥሩ። አንድ መጽሔት ጠቅልላችሁ በግራ ክርናችሁ ዙሪያ በላስቲክ እሰሩት፤ ክርኑ ሊታጠፍ ሲል ወረቀቱ ይቆነጥጣችኋል። ይህን ከአሥር ምት በላይ አታድርጉት፤ ክርን ላይ ማተኮር ራሱ ድርቀት ያመጣል።

ሜዳ ላይ ስትሄዱ አንድ ባልዲ ኳስ በሦስት ክፈሉት። የመጀመሪያውን ሲሦ በ9 ቁጥር ብረት፣ ክንድ ቁጥር 9 ላይ እያቆማችሁ፣ ፎጣው በብብታችሁ ሆኖ ምቱ። ሁለተኛውን በ7 ቁጥር ብረት እስከ 10። ሦስተኛውን ስለ ክርን ምንም ሳታስቡ፣ ዒላማ መርጣችሁ፣ በየኳሱ መሐል ትንፋሽ እየወሰዳችሁ። ኳሱ የት ደረሰ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ሣሩን ተመልከቱ። የተገነጠለው ሣር ከኳሱ ቦታ ትንሽ ወደ ፊት ከጀመረና በየጊዜው እዚያው ላይ ከሆነ ክቡ ተስተካክሏል። አንዴ ከኋላ፣ አንዴ ምንም ከሌለ ገመዱ አሁንም ይረግባል፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ እንደ መጀመሪያው ቀን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዱላ አምስት ምት ቅረጹና ሁለቱን ቪዲዮዎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ጫፍ ላይ ክርኑ ከበፊቱ ያነሰ ከታጠፈ፣ ሲመታም ተዘርግቶ ከተገኘ ያን ጊዜ ድራይቨሩን፣ ለሩቅ ምት የሚያገለግለውን ረጅሙን ዱላ፣ ከቦርሳ አውጡት፤ እሱንም የመጀመሪያዎቹን ሃያ ኳሶች ክንዳችሁን ቁጥር 10 ላይ እያቆማችሁ ምቱ።